የመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ ደኅንነትና የኤሌክትሪክ ኃይል ቁጠባ፦ የአንድ መዝገብ ሁለት ገጾች

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለተሰበሰቡ አባላት የተደረገ ንግግር)




በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስለ ኮምፒዩተር አጠቃቀም ሲነገር ሁለት ጉዳዮች በየፊናቸው ይነሣሉ። አንደኛው የመረጃ ደኅንነት ነው፤ ይኸውም የሕዝብ መዝገብ እንዳይሰረቅ፣ እንዳይበረዝና እንዳይጠፋ የመጠበቅ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ኃይል ቁጠባ ነው፤ ይኸውም መሣሪያዎቹ የሚሰጡት አገልግሎት ሳይጓደል የሚፈጁት ኃይል እንዲቀንስ የማድረግ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ለኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል ይተዋል፤ ሁለተኛው ለጠቅላላ አገልግሎት ወይም ለጥገና ክፍል ይጣላል። ሁለቱ ክፍሎች የሚገናኙት ብዙውን ጊዜ መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ ሁለቱ ጉዳዮች ከአንድ ሥር የበቀሉ መሆናቸውን ማሳየት ነው። ሥሩም ቆጠራ ነው። ምን መሣሪያ እንዳለው፣ በየመሣሪያው ውስጥ ምን መረጃ እንዳለ፣ መሣሪያውም ምን ያህል ኃይል እንደሚፈጅ የማያውቅ መሥሪያ ቤት መረጃውን ሊጠብቅም ኃይሉን ሊቆጥብም አይችልም። ይሁን እንጂ ጥበቃና ቁጠባ ሁልጊዜ እጅ ለእጅ ተያይዘው አይሄዱም። ቁጠባው ጥበቃውን የሚያሳጣበት ቦታ አለ፤ ያን ቦታ ለይቶ ማመልከት የመሐንዲሱ ድርሻ ነው።

ጉዳዩ ቀላል እንዳልሆነ አንድ አኃዝ ይመሰክራል። የዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ ግምት እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ላይ ያሉ የመረጃ ማዕከላት 415 ቴራዋት ሰዓት ያህል የኤሌክትሪክ ኃይል ፈጅተዋል፤ ይህም ከዓለም የኤሌክትሪክ ፍጆታ ከመቶ 1.5 ያህል ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድርሻ ከዚህ ውስጥ አነስተኛ ሊሆን ይችላል። የሚይዙት መረጃ ግን አነስተኛ አይደለም፤ የልደት፣ የጋብቻ፣ የይዞታ፣ የግብር፣ የጡረታና የሕክምና መዝገብ ሌላ ቦታ ሄዶ የሚገዛ ዕቃ አይደለምና።

1. የዴጆን ቃጠሎ

መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ ደመራ በሚለኮስበት ዕለት፣ በደቡብ ኮሪያ በዴጆን ከተማ በሚገኘው የብሔራዊ መረጃ ሀብት አገልግሎት ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ እሳት ተነሣ። ይህ ተቋም የኮሪያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተሮች በአንድነት የሚተዳደሩበት ነው። እሳቱ የተነሣው ከኮምፒዩተሮቹ አልነበረም። የተነሣው መብራት ሲቋረጥ ሰርቨሮቹ እንዳይጠፉ ኃይል ከሚያቀብለው ከዩፒኤስ የሊቲየም ባትሪዎች ነው። ባትሪዎቹ የተተከሉት እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን የአሥር ዓመት የዋስትና ጊዜያቸው አልፎ ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ አደጋው የደረሰው ባትሪዎቹን ከሰርቨሮቹ ለይቶ ወደ ምድር ቤት ለማውረድ ሥራ በተጀመረበት ሰዓት መሆኑ ነው። ‹‹ሳይቃጠል በቅጠል›› የሚለው ብሂል ታስቦ ነበር፤ ቅጠሉ የተቆረጠው ግን ዘግይቶ ነው።

እሳቱን ፈጽሞ ለማጥፋት 22 ሰዓት ያህል ፈጀ። 384 የባትሪ ጥቅሎች ተቃጠሉ። 96 የመንግሥት የኮምፒዩተር ሥርዓቶች በቀጥታ የእሳቱ ሰለባ ሲሆኑ፣ የቀሩት ከሙቀትና ከጉዳት ለመጠበቅ እንዲቋረጡ ተደረገ። በመጀመሪያ የተቋረጡት ሥርዓቶች ቁጥር 647 መሆኑ ተነገረ፤ በኋላ ግን 709 መሆኑ ታወቀ። የዚህ ልዩነት ምክንያት ሊጤን ይገባዋል። የሥርዓቶቹን ዝርዝር የሚይዘው የአስተዳደር ሥርዓት ራሱ ከተቋረጡት መካከል ስለነበረ፣ ትክክለኛው ቁጥር የተገኘው እርሱ ከተመለሰ በኋላ ነው። በኮምፒዩተር አጠቃቀም ከቀደሙት አገሮች አንዷ የሆነች አገር የጠፋባትን ቆጥራ ለመጨረስ ቀናት ወሰደባት ማለት ነው።

ከጥፋቱ ሁሉ የከፋው ‹‹ጂ ድራይቭ›› በተባለው የመንግሥት ሠራተኞች የሰነድ ማኖሪያ ላይ የደረሰው ነው። በዚህ ማኖሪያ ውስጥ 858 ቴራባይት መረጃ ነበር። መጠኑ ግዙፍ በመሆኑ ከሕንፃው ውጭ ቅጂ አልተቀመጠለትም፤ ስለዚህ ከእሳቱ በኋላ ከዚያ ሊመለስ የሚችል አንዳች ነገር አልነበረም። በሠራተኞች አስተዳደር ላይ ኃላፊነት ያለው የኮሪያ መሥሪያ ቤት ከሌሎቹ የበለጠ ተጎዳ፤ ሠራተኞቹ ሰነዳቸውን በየጠረጴዛቸው ኮምፒዩተር ሳይሆን በዚሁ ማኖሪያ ብቻ እንዲያስቀምጡ አዝዞ ነበርና። ትእዛዙ የወጣው መረጃ እንዳይባክን ነበር። ደንቡን በትጋት ያከበረው መሥሪያ ቤት ደንቡን ችላ ካለው ይበልጥ ከሰረ።

ከዚህ አደጋ ሦስት ነገሮች ይጨበጣሉ። አንደኛ፣ የኃይል መሣሪያውና የመረጃው ደኅንነት ተነጣጥለው የሚታዩ አይደሉም፤ መረጃውን ያጠፋው ሰርጎ ገብ ሳይሆን ባትሪ ነው። ሁለተኛ፣ ኮምፒዩተሮችን በአንድ ቦታ ማሰባሰብ ገንዘብና ኃይል ቢቆጥብም አደጋንም አብሮ ያሰባስባል። ሦስተኛ፣ የንብረቱ ዝርዝር ከንብረቱ ጋር በአንድ ቤት ሊቀመጥ አይገባውም።

2. መጀመሪያ መዝገብ

በኢትዮጵያ የመንግሥት አስተዳደር ንብረትን መዝግቦ መያዝ እንግዳ ሥራ አይደለም። ዕቃ ወደ ግምጃ ቤት ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ይመዘገባል፤ ተረካቢውም ይፈርማል። መዝገብ ቤቱም ለእያንዳንዱ ፋይል ቁጥር ይሰጣል፤ ፋይሉ ከመደርደሪያ ሲወጣ ማን እንደወሰደውና መቼ እንደመለሰው ይጻፋል። ይህ ሥርዓት በኮምፒዩተሩ ብረት ላይ ይሠራል፤ በውስጡ ባለው መረጃ ላይ ግን አይሠራም። የንብረት መዝገቡ ስለ ሰርቨሩ ዋጋና መለያ ቁጥር ይናገራል። ሰርቨሩ የማንን ጡረታ፣ የማንን የይዞታ ማረጋገጫ፣ የማንን የሕክምና ታሪክ እንደያዘ አይናገርም። በቀንና በሌሊት ምን ያህል ኃይል እንደሚፈጅም አይናገርም።

ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ባለው የንብረት መዝገብ ላይ አምስት ዓምዶች ቢጨምር ብዙ ሥራ ይቃለላል። የመጀመሪያው ዓምድ መሣሪያው የያዘው መረጃ ምን እንደሆነ፣ ሁለተኛው ለመረጃው ተጠያቂ የሆነው የሥራ ክፍል የትኛው እንደሆነ፣ ሦስተኛው ፕሮግራሙ መጨረሻ የታደሰው መቼ እንደሆነ፣ አራተኛው የመረጃው ቅጂ የት እንደሚገኝና ቅጂው ተመልሶ መሥራቱ መቼ እንደተሞከረ፣ አምስተኛው ደግሞ መሣሪያው ስንት ዋት እንደሚፈጅ የሚያሳይ ነው። የመጨረሻውን ለማወቅ የሚያስፈልገው በሶኬቱና በመሣሪያው ገመድ መካከል የሚሰካ አነስተኛ የኃይል መለኪያ ብቻ ነው።

የመዝገቡ አንድ ቅጂ በወረቀት ታትሞ ከሰርቨሩ ክፍል ውጭ ይቀመጣል። ይህ ያለፈበት ልማድ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ማሽኑ በቆመ ሰዓት ማሽኑን እንዴት ማስነሣት እንደሚገባ የሚያስረዳው ጽሑፍ በዚያው ማሽን ውስጥ ቢገኝ የሚጠቅም አይሆንም።

3. ያለ ሥራ የሚነዱ ማሽኖች

መዝገቡ በሚገባ ሲሞላ መጀመሪያ የሚገለጠው ነገር ያለ ሥራ የሚነዱ ማሽኖች መኖራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ጆናታን ኩሚና ጆን ቴይለር ባወጡት ጥናት፣ በተመለከቷቸው የመረጃ ማዕከላት ካሉት ሰርቨሮች ከመቶ 30 ያህሉ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ አንዳች ጠቃሚ ሥራ ሳይሠሩ ኃይል ሲፈጁ ተገኝተዋል። ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በ2007 ሉዊዝ አንድሬ ባሮሶና ኡርስ ሆልዝሌ የተባሉ መሐንዲሶች ሰርቨር ሥራ ሲፈታ እንኳ ከከፍተኛ ፍጆታው እኩሌታ ያህሉን እንደሚወስድ አሳይተው ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ማሽኖች የተሻሻሉ ቢሆንም፣ ሥራ ፈት ማሽን በነፃ አይኖርም።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። አንድ ሥራ ፈት ሰርቨር 200 ዋት ይወስዳል ቢባል፣ ዓመቱን ሙሉ 1,752 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ክፍሉን ለማቀዝቀዝና በዩፒኤስ ውስጥ ለሚባክነው የዚያኑ ያህል ቢታከል ወደ 3,500 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። እንዲህ ያሉ አሥር ሰርቨሮች ያሉበት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ለምንም የሚከፍለው የ35,000 ኪሎዋት ሰዓት ሒሳብ አለው ማለት ነው።

የቁጠባው ጉዳይ ይህን ያህል ሲሆን የደኅንነቱ ጉዳይ ከዚህ ይከፋል። ሥራ የሌለው ማሽን ባለቤት የለውም፤ ባለቤት የሌለው ማሽን ደግሞ ፕሮግራሙ አይታደስም፤ የይለፍ ቃሉም አይለወጥም። የቀድሞው ኃላፊ ሲዛወር የይለፍ ቃሉ አብሮት ይዛወራል። ማሽኑ ግን ከመሥሪያ ቤቱ መረብ ጋር እንደተያያዘ ይኖራል፤ ለሰርጎ ገብም ጠባቂ የሌለው የጓሮ በር ይሆንለታል። ይህን ማሽን መዝጋት ቁጠባም ጥበቃም ነው። በሁለት መሥሪያ ቤታዊ ቋንቋዎች የሚነገር አንድ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች የሚነገረው ግን ትንሽ ይለያል። በሳምንት ካሉት 168 ሰዓቶች የሥራው ሰዓት ከ40 አይበልጥም፤ 128ቱ የሌሊትና የዕረፍት ሰዓት ነው። 500 ኮምፒዩተሮች በነዚህ ሰዓቶች እያንዳንዳቸው 60 ዋት እየወሰዱ ቢያድሩ በዓመት ወደ 200,000 ኪሎዋት ሰዓት ያባክናሉ። ስለዚህ ማታ ይጥፉ የሚለው መመሪያ ትክክለኛ ነው። እንቅፋት የሚሆነው ግን የፕሮግራም ማደሻ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚከናወነው ማታ መሆኑ ነው፤ ማታ የጠፋ ማሽን ሳይታደስ ይቀራል።

ያልታደሰ ማሽን የሚያመጣው ጉዳት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 በእንግሊዝ ታይቷል። ‹‹ዋናክራይ›› የተባለው ፋይልን ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ፕሮግራም በተሰራጨ ጊዜ፣ ከ236 የሕዝብ ጤና አገልግሎት ድርጅቶች 80ዎቹ ተጎድተዋል፤ ሐኪሞች ሕሙማንን በቀጠሮ ማየት አልቻሉም። ይህን ቀዳዳ የሚደፍነው የማይክሮሶፍት ማደሻ የወጣው ግን ከአደጋው ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት ወር ነበር። መድኃኒቱ ነበረ፤ ወደ ማሽኖቹ አልደረሰም።

እንግዲህ ማታ ማጥፋትና ማታ ማደስ የሚታረቁበት መንገድ ሊፈለግ ይገባል። መንገዱም አስቸጋሪ አይደለም። በዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮች ውስጥ በመረቡ በኩል በሚላክ ምልክት ማሽኑን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ችሎታ አለ። በሳምንት አንድ ሌሊት፣ በታወቀ ሰዓት፣ ማሽኖቹ ተቀስቅሰው ይታደሳሉ፤ ከዚያም ይጠፋሉ። በዚህ ዓይነት ስድስቱ ሌሊት ለቁጠባ፣ አንዱ ሌሊት ለጥበቃ ይውላል።

4. ሙቀት፣ ከፍታና የተከፈተ በር

ወደ ሰርቨሩ ክፍል ሲገባ ነገሩ የመሐንዲሱ ይሆናል። የአንድ የመረጃ ማዕከል የኃይል አጠቃቀም የሚለካው ማዕከሉ በጠቅላላ የሚወስደው ኃይል ኮምፒዩተሮቹ ብቻቸውን ለሚወስዱት ሲካፈል በሚገኘው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ወደ 1 በተጠጋ መጠን ብክነቱ ያነሰ ነው። በዓለም ታላላቅ የሆኑት ማዕከላት ወደ 1.1 ደርሰዋል። በአንድ ጽሕፈት ቤት ጥግ፣ በተራ የግድግዳ ማቀዝቀዣ የሚጠበቅ የሰርቨር ክፍል ግን በቀላሉ 2 ይደርሳል፤ ለኮምፒዩተሩ በሚከፈለው ልክ ለብክነቱም ይከፈላል ማለት ነው።

የዚህ ብክነት አንዱ ምክንያት ክፍሉ ያለ አግባብ መቀዝቀዙ ነው። አሽሬ በሚል ምሕፃር የሚታወቀው የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ወደ ሰርቨሩ ለሚገባው አየር የሚመክረው ሙቀት ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሰው ገብቶ ብርድ እስኪሰማው ድረስ ክፍሉን ማቀዝቀዝ ለማሽኑ የሚጨምርለት ዕድሜ የለም።

በኢትዮጵያ ደጋ ላይ አንድ ዕድልና አንድ እንቅፋት ጎን ለጎን ይገኛሉ። ዕድሉ የአየሩ ቅዝቃዜ ነው፤ የአዲስ አበባ አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ ያህል በመሆኑ፣ የውጭው አየር በሚገባ ተጣርቶ ወደ ክፍሉ ቢገባ ለአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ማቀዝቀዣ ማሽን ሳያስፈልግ ሙቀትን ማስወገድ ይቻላል። እንቅፋቱ ደግሞ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,355 ሜትር ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሙቀት የሚሸከመው የአየሩ ክብደት እንጂ ይዘቱ ብቻ ስላልሆነ፣ ያንኑ ሙቀት ለማስወገድ አንድ ሦስተኛ ያህል ተጨማሪ አየር ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። በአሽሬ መመሪያ መሠረት ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የማሽኑ የሙቀት ጣሪያ በአንድ ዲግሪ ዝቅ ይላል። በባሕር ጠለል 35 ዲግሪ ይችላል የተባለ ሰርቨር በአዲስ አበባ የሚችለው 30 ያህል ነው። ጄኔሬተሩም እንዲሁ በስም ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ኃይል በዚህ ከፍታ ላይ ላይሰጥ ይችላል። በሻጩ መግለጫ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ ወስዶ መንደፍ በዚህ ምክንያት ስሕተት ይሆናል። አንድ ዓይነት ንድፍ ለደብረ ብርሃንም ለሰመራም ሊያገለግል አይችልም።

ይህ ሁሉ ከመረጃ ደኅንነት ጋር የሚገናኘው በበሩ በኩል ነው። ማቀዝቀዣው ሲበላሽ ወይም ሳይችል ሲቀር፣ የሰርቨሩ ክፍል በር በወንበር ተደግፎ ይከፈታል፤ በደጃፉም አንድ የጠረጴዛ ማራገቢያ ይቆማል። በሩ ላይ ብዙ ገንዘብ የወጣበት የጣት አሻራ መቆለፊያ ሊኖር ይችላል። ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ግን ቁልፉ ጌጥ ነው። ባለ ጉዳይም፣ ተላላኪም፣ አላፊ አግዳሚም ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የአየር ፍሰቱን አስተካክሎ የነደፈ መሐንዲስ ለመረጃው ጥበቃ ያደረገው አስተዋጽኦ ምስጢራዊ ቁልፍ ከሚቀምረው ባለሙያ አያንስም።

የዩፒኤስ ባትሪም የዚሁ ክፍል ጉዳይ ነው። የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በእኩሌታ ያህል ይቀንሳል። የሞተ ባትሪ መሞቱ የሚታወቀው መብራት በጠፋበት ቅጽበት ነው፤ በዚያን ጊዜም በመጻፍ ላይ የነበረ የመረጃ ቋት በመሃል ተቆርጦ ይበላሻል። የባትሪ የተተከለበትና የሚለወጥበት ቀን በመዝገቡ ላይ ሊሰፍር የሚገባው ለዚህ ነው። ዩፒኤሱ ኃይል ሊያልቅበት ሲቃረብ ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲዘጋው የሚያደርግ ፕሮግራም አብሮት ይሸጣል፤ የሚያስፈልገው ገመዱን አገናኝቶ ሥራ ማስጀመር ነው።

5. ማሰባሰብና ማባዛት

የኃይል ቁጠባ ምክር ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያመራል፦ ማሰባሰብ። በየመሥሪያ ቤቱ ጥግ ከሚገኙ ብዙ ሥራ ፈት ሰርቨሮች ይልቅ፣ በጥቂት ብርቱ ማሽኖች ላይ ብዙ ሥራዎችን በምናባዊ ማሽንነት ማሠራት ኃይልን በእጅጉ ይቀንሳል። የደኅንነት ባለሙያውም ይህን ይወድዳል፤ አንድ በር መጠበቅ አርባ በር ከመጠበቅ ይቀላልና። የዴጆን ቃጠሎ ያሳየው ግን የዚህን ምክር ወሰን ነው። ማሰባሰብ ሳይባዛ ከቀረ፣ ቁጠባው ለአንድ ቀን አደጋ የተጠራቀመ ዕዳ ይሆናል።

በዚህ ረገድ የቆየ መመሪያ አለ። ማናቸውም ሊጠፋ የማይገባው መረጃ በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማኖሪያ፣ አንዱ ቅጂ ከሕንፃው ውጭ ይቀመጥ ይላል። ሦስት ቅጂ ሲባል ሦስት እጥፍ ኃይል የሚያስፈልግ ይመስላል፤ እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። ከሕንፃው ውጭ የሚቀመጠው ቅጂ በቴፕ ወይም በተነቀለ ዲስክ ላይ ሊሆን ይችላል። በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ቴፕ አንድ ዋት አይፈጅም። ከመረብ የተነቀለ በመሆኑም ቤዛ ጠያቂ ፕሮግራም ሊደርስበት አይችልም። በዚህ ቦታ ጥበቃና ቁጠባ ፈጽመው ይስማማሉ፤ ከሁሉ የተጠበቀው ቅጂ ከሁሉ ያነሰ ኃይል የሚፈጅ ነው።

የመረጃው መጠን ራሱም ሊመረመር ይገባል። አንድ ደብዳቤ ለአርባ ሰዎች በተላከ ጊዜ አርባ ቦታ ይቀመጣል፤ የአርባው ቅጂ ደግሞ እንደገና ይቀዳል። ስብሰባ የተቀረጸበት ቪዲዮ፣ የበዓል ፎቶግራፍና የይዞታ ካርታ በአንድ ማኖሪያ ተደባልቀው ይከማቻሉ። በኮሪያ ‹‹መጠኑ ግዙፍ ስለሆነ ቅጂ አልተደረገለትም›› የተባለው ቃል የሚያስተምረው ይህን ነው። ሁሉን እናስቀምጥ ያለ መሥሪያ ቤት ዋናውን ከተራው ሳይለይ ይቀራል፤ ያልለየውንም በመጨረሻ በአንድነት ያጣል። ቀድሞ መዝገብ ቤት ፋይልን ሕያው፣ ከፊል ሕያውና ሙት እያለ ይለይ እንደነበረ ሁሉ፣ በኮምፒዩተር የተያዘ መረጃም እንዲሁ ሊለይ ይገባዋል።

ቅጂ የሚቀመጥበትን ቦታ በተመለከተ የኤስቶንያ መንግሥት ያደረገው ሊጠቀስ ይገባል። ይህች አገር እ.ኤ.አ. በ2007 ከባድ የኮምፒዩተር ጥቃት ከደረሰባት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከሉክሰምበርግ ጋር በተፈራረመችው ስምምነት የዋና ዋና መዝገቦቿን ቅጂ በዚያ አገር፣ እንደ ኤምባሲ በሚከበር የመረጃ ማኖሪያ ውስጥ አስቀምጣለች። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ባሕር ማዶ ቅጂ ያስቀምጥ ማለት አይደለም። ሆኖም የአንዱ ከተማ መሥሪያ ቤት ቅጂውን በሌላ ከተማ በሚገኘው ቅርንጫፉ፣ ምስጢሩ በተጠበቀ ሁኔታ፣ ሊያስቀምጥ ይችላል። መረጃን ማመሥጠር ማሽን ያደክማል የሚለው አስተያየትም ዛሬ የሚያስኬድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ የሰርቨር ፕሮሰሰሮች ይህንኑ ሥራ የሚያቃልል የራሳቸው ትእዛዝ አላቸው።

6. ከአገልግሎት የወጣ ዕቃ

ያረጀ ኮምፒዩተር ከጠረጴዛ ተነሥቶ በግምጃ ቤት ይከመራል፤ ከዓመታት በኋላም በሐራጅ ይሸጣል። የንብረት ክፍሉ ዋጋውን ይገምታል፤ በውስጡ ስላለው ሃርድ ዲስክ ግን የሚጠይቅ አይገኝም። ፋይሉን መሰረዝ መረጃውን አያጠፋም፤ የሚሰረዘው የማውጫው መሥመር ነው። ገጹ ሳይቀደድ የመጽሐፉ ማውጫ እንደተቀደደ ያህል ነው። በሐራጅ ገዝቶ የወሰደው ሰው ጥቂት ዕውቀት ካለው የዜጎችን ስም፣ ፎቶግራፍና ፊርማ መልሶ ሊያነበው ይችላል።

በዚህ ፍርሃት አንዳንዱ መሥሪያ ቤት ዕቃውን ጨርሶ አይሸጠውም፤ ወይም በመዶሻ ያደቅቀዋል። ይህም ሌላ ብክነት ነው። ለአንድ ላፕቶፕ በዕድሜው ዘመን ከሚወጣው ኃይል ብዙው የሚወጣው ገና ሲሠራ ነውና፣ ለትምህርት ቤት ሊያገለግል የሚችልን ማሽን ማድቀቅ ያንን ኃይል ሁሉ መጣል ነው። መፍትሔው ከመነሻው ይጀምራል። ዲስኩ ማሽኑ ሥራ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ የተመሠጠረ ከሆነ፣ በስንብቱ ቀን ቁልፉን ማጥፋት ይበቃል፤ የቀረው ማንም ሊያነበው የማይችል የቁጥር ክምር ነው። ዲስኩ ያልተመሠጠረ እንደሆነ ግን ተነቅሎ በባለሙያ እጅ ይደመሰሳል፤ የቀረው አካል ለሌላ አገልግሎት ይውላል። ይህ መፈጸሙን የሚያረጋግጥ ፊርማ ከሽያጩ ሰነድ ጋር ካልተያያዘ ሽያጩ ሊፈቀድ አይገባውም።

7. የኃላፊነት ነገር

በኢትዮጵያ ሕጉ ቀድሞ ሄዷል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በተከታታይ ወጥተዋል። የመጨረሻው አዋጅ የዜጋ የግል መረጃ ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይም እንዳይቆይ ይሻል። ይህ የሕግ ድንጋጌ በመሐንዲሱ ዓይን ሲታይ የቁጠባም ድንጋጌ ነው፤ የማያስፈልግ መረጃ ያልያዘ መሥሪያ ቤት የሚጠብቀውም የሚያቀዘቅዘውም ያነሰ ነውና።

ምናልባት፣ ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ከተገኘ ወዲህ ስለ ጥቂት ኪሎዋት መጨነቅ ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በግድቡ የሚመነጨውና በሰርቨሩ ክፍል ሶኬት የሚገኘው ኃይል አንድ አይደለም፤ በመካከላቸው ማስተላለፊያ፣ ማከፋፈያና የሕንፃው የራሱ መሥመር አሉ፤ መብራት ሲጠፋ የሚሠራው ናፍጣ ነው። ፍጆታው የቀነሰ የሰርቨር ክፍል በአንድ በርሜል ናፍጣና በአንድ ባትሪ ረዘም ላለ ሰዓት ይቆማል፤ ይህ ደግሞ የአገልግሎት ደኅንነት ነው። ሁለተኛ፣ በከንቱ የሚነድ ሰርቨር የሚወስደው ኃይል ገና መብራት ላልደረሰው የገጠር ጤና ጣቢያ የሚውል ኃይል ነው።

እንግዲህ ከዚህ ማኅበር አባላት የሚጠበቀው ምንድን ነው? የሰርቨር ክፍል የሚነድፍ መሐንዲስ የቦታውን ከፍታ በስሌቱ ውስጥ ያግባ፤ ባትሪውንም ከሰርቨሩ በእሳት መከላከያ ግድግዳ ይለይ። የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጅ ባለሙያ የመሣሪያውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን በአምስት ዓመት የሚፈጀውን ኃይልና ፕሮግራሙ እስከ መቼ እንደሚታደስለት ይጠይቅ። የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ኃላፊ በዓመት አንድ ቀን መርጦ ቅጂውን ከመደርደሪያ አውርዶ በሌላ ማሽን ላይ ያስነሣ፤ ሳይሞከር የተቀመጠ ቅጂ ተስፋ እንጂ ቅጂ አይደለም። የመሥሪያ ቤት ሹም ደግሞ መዝገቡን ያስቀርብ፤ በየዓመቱም ይፈርምበት።

ከነዚህ ሥራዎች ውስጥ ታላቅ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ የለም። የሚጠይቁት ትጋትና ሥርዓት ነው። አንድ ገበሬ ይዞታውን፣ አንዲት እናት የልጇን የልደት ማስረጃ፣ አንድ ጡረተኛ የአገልግሎት ዘመኑን ለመሥሪያ ቤት ሲያስረክብ አደራ መስጠቱ ነው። አደራ ተቀባይ ደግሞ የተቀበለውን ቆጥሮ ሊያውቅ ይገባዋል።